«እሺ» ሲሉኝ የገባቸው መስሎኝ ነበር

ሰው ከሰው ጋር ሲግባባ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የጻፍኩት። እስከ ቅዳሜ ድረስ በጠቅላላው 25 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በጣም ስለረዘመ ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ሳያነብ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ የተባለውን በተራ ልንገራችሁ። አንዳንዱን ጠቅሼ አልፋለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ፤ አሠራሬን የቀየረብኝ እሱ ነውና።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይኸውላችሁ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ሕፃኑ ትኩሳት አለው፣ ጆሮውን ይነካካል። ሐኪሙ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ አዟል። ጠርሙሱን መታ መታ አድርጌ ዱቄቱን አላቀቅኩ፣ እስከ መስመሩ ውኃ ጨምሬ በጠበጥኩላቸው። 5 ሚሊ ሊትር በመስፈሪያው ላይ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኋቸው። ከዚያ በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን ይስጡት አልኩ። «ገባዎት?» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

በ4ኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ልጁ አሁንም ያተኩሰዋል። ጠርሙሱ ብዙም አልጎደለም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልደብቅም። እንዴት እንደሰጡት ስጠይቃቸው ነገሩ ወጣ። በቀን አንዴ ነው የሰጡት፣ ከምሳ በኋላ ልክ 8 ሰዓት ላይ። አንድም ቀን አላሳለፉም። እንዲያውም አንዱን ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳለ ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ብድግ ብለው ቤታቸው ገብተዋል። እኔ «በየ8 ሰዓቱ» ስል 8 ሰዓት ባለፈ ቁጥር ማለቴ ነው። እሳቸው የተረዱት 8 ሰዓት በሆነ ቁጥር ብለው ነው። ቃሉ አንድ ነው። አማርኛው ሁለቱንም ይችላል።

ልጁን ወደ ሐኪሙ መልሼ ላክሁት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ጥያቄዬም ይህ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሲግባባ በትክክል ምንድን ነው የሚሆነው? አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ሰማ፣ «እሺ» አለ። ከዚህ በላይ ምን ቀረ? ጥፋቱስ የማን ነው?

መልስ 1 ከአንዲት ነርስ ነው። በትሕትና ነው የጻፈችው። ይህ ነገር እሷንም በየቀኑ እንደሚገጥማት ነገረችኝ። እናትየው አልዋሹም አለች። ከኋላቸው ሰልፍ አለ፣ ጀርባቸው ላይ ልጅ ያለቅሳል፣ ፊት ለፊታቸው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቆሟል። በዚያ መሀል አልገባኝም ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ «እሺ» በሉኝ ብሎ እንደመለመን ነው ባይ ናት።

መልስ 2 ሁለት መስመር ነው። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነው፤ ለልጁ መድኃኒት እየሰጠ የማያነብ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው የሚል። መልስ 3 ወዲያው ተነሣበት። የእሱ አያት ፊደል አልቆጠሩም። የቆጠረውም ቢሆን እኛ መድኃኒት ቤት የምንጽፈውን ማንበብ አይችልም አለ። «1×3» (በቀን ሦስቴ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ለማን እንደተጻፈ ጠየቀ። እውነቱን ነው። እኔም ያን ቀን ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት «1×3» ነው። ለሙያ ጓደኛዬ የሚገባ እንጂ ለእሳቸው የሚገባ አይደለም።

መልስ 4 በቴሌኮም ሥራ ያለ መሐንዲስ ነው። ክላውድ ሻነን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን ንድፈ ሐሳብ ጥሩ አድርጎ አስረዳን። መልእክት የሚልክ አለ፣ የሚተላለፍበት መስመር አለ፣ የሚቀበል አለ። በመስመሩ መሀል ሁከት ይገባል። ሁከቱን የምናሸንፈው በመደጋገም ነው። ስልክ ሲቆራረጥ አንዱን ነገር ሁለት ሦስቴ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ደግመህ ንገራቸው አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ክሩ ነፍስ የዘራው። መልስ 5 የቋንቋ ተማሪ ነው፤ መሐንዲሱን በአክብሮት አረመው። ሻነን ራሱ በጽሑፉ መግቢያ ላይ የመልእክቱ ትርጉም የምሕንድስናው ጉዳይ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። እሱ የተጨነቀው ድምፁ ወይም ምልክቱ ሳይጎድል እንዲደርስ ነው። እናትየው ጋ ደግሞ ምንም አልጎደለም። እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል። መቶ ጊዜ ብደግምላቸው መቶ ጊዜ 8 ሰዓትን ነው የሚሰሙት። ተማሪው እንደሚለው ሐሳብ ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉት ዕቃ አይደለም። የሚናገር ሰው ፍንጭ ነው የሚሰጠው። ሰሚው ያንን ፍንጭ ከሚያውቀው ነገር ጋር አገናኝቶ የተናጋሪውን ሐሳብ ራሱ ይሠራዋል። ፖል ግራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጎ እንዳየው ጠቀሰ። ምሳሌው ግን የቤታችን ነው። ቡና እየጠጣ ያለ እንግዳ «መሸ እኮ» ሲል ሰዓት እየነገረን አይደለም። ልሂድ ማለቱ ነው። «መሸ» ውስጥ «ልሂድ» የሚል ቃል የለም፣ ግን ሁላችንም እንሰማዋለን።

ይህን መልስ ሦስቴ አነበብኩት። ለእኚያ እናት 8 ሰዓት ማለት ዕድሜ ልካቸውን ከምሳ በኋላ ያለ ጊዜ ነው። ምሳ ተበልቶ ዕቃው ታጥቦ ቡና የሚቆላበት። ሰዓትን እንደ ርቀት መቁጠር እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። ሁለታችንም ትክክለኛ አማርኛ ነው የተናገርነው፣ ግን የቆምነው ሌላ ሌላ ቦታ ነው።

መልስ 6 ስልጠና የሚሰጥ ሰው ነው። ከመግባባት 93 በመቶው በቃል ሳይሆን በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ቃና ነው፣ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው አለ። መልስ 7 በኃይለኛው መለሰለት። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ያጠኑት ነጠላ ቃላትን፣ የድምፅ ቃናንና የፊት ፎቶዎችን ነው፤ ጥያቄውም ሰውየው ወደዳት ወይስ ጠላት የሚል የስሜት ጉዳይ ነበር። መህራቢያን ራሱ ስሜትና አመለካከት ለማይነገርበት ወሬ ይህን ቀመር አትጠቀሙበት ብሏል። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ምን ይገባው ነበር ብሎ ጠየቀ። 5 ሚሊ ሊትርንስ በዓይን ጥቅሻ ማን ይናገራል? መልስ 8 ላይ አሰልጣኙ ተቆጥቶ ተመለሰ። ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም። እኔ ግን ለመልስ 7 አመሰግናለሁ። ያንን ቁጥር እኔም ስልጠና ላይ ሰምቼ ለሰው አስተላልፌዋለሁ።

መልስ 9 ኩዌት የምትሠራ እህት ነች። የሄደች ሰሞን አረብኛ አንዲት ቃል አታውቅም። መጀመሪያ የለመደቻት ቃል «ሃዲር» ናት፣ እሺ ማለት ነው። ማዳሟ ምን እንዳለች ሳይገባት «ሃዲር» ትላለች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ ቆማ ትቀራለች። ምን እንደምታነሣ አታውቅማ። ድጋሚ ብትጠይቅ ደግሞ ቁጣ አለ። ያዳናት የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ እሱም ገና አፉን አልፈታም። እሷን ተከትሎ ማድ ቤት ይገባና በጣቱ ያሳያታል። ድስቱን፣ መጥረጊያውን፣ የወተቱን ዕቃ። እሷም ስሙን እየጠራች ትማራለች፣ እሱም እየሰማ አፉን ይፈታል። ሁለቱ አንድ ላይ አረብኛ ለመዱ። ያንን ሳነብ እንባዬ መጣ። መልስ 10 ላይ የሕፃናት ነገር የሚያውቅ ሰው ጨመረበት። ልጆች በጣት ማሳየት የሚጀምሩት አንድ ዓመት ሊሞላቸው አካባቢ ነው፣ ከመናገራቸው በፊት። ያሳዩንና ፊታችንን ዞር ብለው ያያሉ፣ አየሽው ወይ እንደማለት። የሰው ቋንቋ መሠረቱ እዚያ ነው ብሎ ያምናል።

መልስ 11 ከእስራኤል ነው። ቤተሰቡ ከጎንደር አካባቢ የሄዱ ናቸው። በልጅነቱ እናቱን ሐኪም ቤት እየወሰደ የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። 12 ዓመቱ ሳለ እናቱ የወንድማቸው መርዶ መጣባቸው። ከዚያ በኋላ እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። ሐኪሟ ምን ሆኑ ስትል «ልቤ ተቃጠለ» አሉ። ልጅየው ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰው። ሐኪሟ ደንግጣ አስተኛቻቸውና ደረታቸው ላይ የልብ ምርመራ ገመድ ለጠፈች። ልባቸው ደህና ነበር። ቤት ሲገቡ እናቱ ሐኪሟ ለምን ስለ ወንድሜ አልጠየቀችኝም አሉት። እሱም እስከ ዛሬ ይህን ያስባል። ቃሉን አንድም ሳይሳሳት ነበር የተረጎመው።

መልስ 12 የአቪዬሽን ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ የደረሰውን አስታወሰን። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው የፓን አም፣ በጭጋግ ውስጥ አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነበሩ። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ ለመነሣት ላይ እንደሆኑ በሬዲዮ ተናገረ። አባባሉ ሁለት ትርጉም ነበረው። ተቆጣጣሪው ገና ቆመው የሚጠብቁ መስሎት «ኦኬ» አለ። ቀጥሎ ጠብቁ፣ እኔ እጠራችኋለሁ አለ። ነገር ግን በዚያችው ሰከንድ ፓን አሞችም ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን እያሉ ስለነበር ሁለቱ ድምፅ ተደራርቦ ፉጨት ሆነ። ኬኤልኤሞች አጥርተው የሰሙት «ኦኬ»ን ነው። 583 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ጠበቀ። መነሣት የሚለውን ቃል ተቆጣጣሪው የሚያወጣው ፈቃዱን ሲሰጥ ወይም ሲሰርዝ ብቻ ሆነ። አብራሪውም «ኦኬ» ማለት አይበቃውም፣ የተባለውን መልሶ ይናገራል። ይህ ሰው ከእኔ ታሪክ ጋር ሲያገናኘው ልክ ነበር። ያ «ኦኬ» የእኔው «እሺ» ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ መንገድ ሳተ። መልስ 13 «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት አምጥቶ «እሺ» ባይነት ጨዋነታችን ነው አለ። መልስ 14 የመልስ 2 ባለቤት ነው፣ በንዴት ተመልሶ አገሩን ያጠፋው ይኸው ተረት ነው አለ። ልብስ ሰፊው «እሺ ነገ»፣ ቧንቧ ሠሪው «እሺ ነገ»። መልስ 15 ለሠርጓ ያሰፋችው ቀሚስ በሠርጓ ማግስት እንደደረሰላት ጻፈች። መልስ 16 ነገሩን ወደ ውጫሌ ውል ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1889 በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ጣጣው እስከ አድዋ ደረሰ። ይህ ምን አለመግባባት ነው ሲል መልስ 17 ተቆጣ። አለመግባባት ማለት ሁለቱም ቅን ሲሆኑ ነው፤ ያኛው ወገን በውሉ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብሎ ለዓለም አስታወቀበት፣ ስለዚህ ስሙን ማለዘብ አይገባም አለ። እኔም ከመልስ 17 ጋር ነኝ። ቅንነት ከሌለ የቃላት ማጥራት ብቻውን አያድንም። ግን እባካችሁ ወደ ሽሮፑ እንመለስ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 18 አሜሪካ የምትኖር እናት ነች። ልጇ አስተማሪዋ ስትጠይቃት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። እኛ አዎ፣ እየሰማሁ ነው ስንል እንደምናደርጋት። አስተማሪዋ ልጅቷ የደነገጠች ወይም አስም ያለባት መስሏት ቤት ደወለች። መልስ 19 በዚህ ተነሥቶ ስለ ወሬ መቀባበል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2009 በ10 ቋንቋዎች ላይ በወጣ ጥናት ሰው ለአዎ ወይም አይ ጥያቄ ለመመለስ በአማካይ የሚወስድበት ጊዜ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው። የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ማለትም ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን እያዘጋጀን ነው። «ኧ?» የምንላት ድምፅም በተጠኑት ቋንቋዎች ሁሉ በሚገርም ሁኔታ ተቀራራቢ ሆና ተገኝታለች። ሰው የትም ይኑር፣ ወሬው ሲሰበርበት የሚጠግነው በዚያች ነው።

መልስ 20 አንዲት አዛውንት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። በእሳቸው ጊዜ «መልስ ይመልሳል» የሚባል ልጅ ባለጌ ነው። መልስ መመለስ ራሱ ነውር ነበር። ታላቅ ወይም የተማረ ሰው የተናገረውን «ኧ?» ብሎ ማስደገም፣ ሰውየውን በደንብ አልተናገርክም እንደማለት ነው። ስለዚህ እኚያ እናት «እሺ ልጄ» ያሉኝ ሊያከብሩኝ ነው አሉ።

መልስ 21 ግን አንገታችንን አዞረው። ነርሷንም፣ አዛውንቷንም፣ የኩዌቷንም እህት አመስግኖ፣ ሁላችሁም ስታችኋል አለ። በጨዋ ቃል ነው ግን ቆራጥ ነበር። የኩዌቷ እህት ግራ ተጋብታ ነው «ሃዲር» ያለችው። እኚህ እናት ግን ግራ አልተጋቡም። አላፈሩም፣ አልፈሩም። ገብቷቸዋል። የገባቸው ሌላ ነገር ነው እንጂ ገብቷቸዋል። ሰው ተሳስቶ ሲረዳ የሚሰማው ስሜት በትክክል ሲረዳ ከሚሰማው አይለይም። ለቅሶ ጥሎ የሚነሣ ሰው የሚጠራጠር ሰው አይደለም። የቴነሪፉ ካፒቴንም እንደዚያው፣ እርግጠኛ ስለነበር ነው ፍጥነት የጨመረው። ስለዚህ ካልገባዎት ይጠይቁኝ ማለት ከንቱ ነው፤ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። 9 ዓመት ሙሉ «ገባዎት?» ስል ኖሬያለሁ።

መልስ 22 ስለ ተናጋሪው ወገን ጻፈ። ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራችው ሙከራ ነው። አንዱ የታወቀ ዘፈን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ያንኳኳል፣ ሌላው ዘፈኑን ይገምታል። አንኳኪዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ጠበቁ። ከ120 ዘፈን የታወቀው 3 ነው። የሚያንኳኳው ሰው ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ እየተዘፈነ ስለሆነ ሌላው የሚሰማው ኳኳታ ብቻ መሆኑ አይታየውም። ይህ ሰው ቤቱ ሞክሮታል። ልጆቹ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት የሚዘፍኑትን አንኳኳላቸው። ሁለቱም አላወቁትም። እባካችሁ ሞክሩት፤ እኔም ሥራ ቦታ ሞክሬ ገርሞኛል።

መልስ 23 መስማት የተሳነው ወጣት ነው። አጭር ነው፣ ግን ለእኔ የተላከ ነው። መድኃኒት ቤት ሲሄድ ባለሙያው ካርቶን ላይ እየጻፈ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። እሱ ደግሞ ከንፈር አንብቦ ነው የሚረዳው። ቀና በል አለኝ።

መልስ 24 ክፍለ ሀገር የሚሠራ የሙያ ባልደረባ ነው። እሱ «ገባዎት?» ማለት ትቷል። ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚሰጡት እስቲ ይንገሩኝ፣ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ ይላል። ፈተናው የእሱ እንጂ የሰውየው እንዳይመስል። የሰዓቱንም ርቀት አይናገርም፣ ጊዜውን ይናገራል። በየ8 ሰዓቱ የሚለውን ሲነጋ 12፣ ከምሳ በኋላ 8፣ ማታ 4 ብሎ ያወጣዋል። ቁጥሮቹን ሳያቸው ደነገጥኩ። እናትየው የያዟት 8 ሰዓት ከሦስቱ አንዷ ነበረች። ጎደሎው ሁለቱ ነው።

መልስ 25 የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁስ?

ልጁ ደህና ነው። ሐኪሙ አይቶት መድኃኒቱ እንደ አዲስ እንዲጀመር አዘዘ። ትናንት ጠዋት እናትየው አዲሱን ማዘዣ ይዘው እኔው ጋ መጡ። በጠበጥኩላቸው። ቀና ብዬ 12፣ 8 እና 4 ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ አልኳቸው። ከኋላቸው አራት ሰው ቆሟል። መስፈሪያውን አንሥተው መስመሩን በጥፍራቸው ይዘው ነገሩኝ። ወፍ ሲንጫጫ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመኝታ በፊት። አንድም አልተሳሳቱም። ከዚያ ዝም አሉና መስፈሪያውን ሳያስቀምጡ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ልጁ ተኝቶ ቢያገኙት ይቀስቅሱት ወይስ ይተዉት? ያለፈውም ጊዜ ይህን ሊጠይቁኝ ፈልገው ነበር፣ ሌላ ሰው ስጠራ ጊዜ ሄዱ። ቀስቅሰው እንዲሰጡት ነገርኳቸው።